ወፍጮው ዝም ካለ ወዲህ

የናፍጣ ሽታ እወዳለሁ ብል ማን ያምነኛል? በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት አደስ ብትል፣ ሽቶ ብትል ያምርባታል። እኔ ግን ናፍጣ በሸተተኝ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ሰሞኑን ሐረር፣ ጊደር መጋላ ገበያ በርበሬ ልገዛ ገብቼ፣ ዛላውን እያገላበጥኩ ከነጋዴው ጋር በዋጋ ስጨቃጨቅ መብራት ድርግም አለ። ማንም አልደነገጠም፤ በመብራት መጥፋት የሚደነግጥ ሰው ካየን ቆይተናል። ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ አንድ ያረጀ ጀነሬተር እየጎተተ ወደ በሩ አወጣ። ጀነሬተሩ ሁለት ሦስቴ አስነጠሰና ተነሳ። ጭሱ በእርዱና በአብሹ ከረጢት መካከል እየተጥመለመለ መጥቶ አፍንጫዬ ላይ ሲያርፍ፣ የያዝኩትን ዛላ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

«እማማ፣ ራስዎን አዞረዎት እንዴ? ይቀመጡ እንጂ» አለኝ በርበሬ ሻጩ።

«አላዞረኝም ልጄ። አባቴ ትዝ ብለውኝ ነው።»

«ሾፌር ነበሩ?»

«ወፍጮ ነበራቸው።»

ልጁ ግራ ገባው። ወፍጮና ናፍጣ ምን እንደሚያገናኛቸው የማያውቅ ሰው በርበሬ ሊሸጥልኝ ደርሷል ማለት ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

የአባቴ ወፍጮ ቤት ከኤረር በር ወጥቶ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ የማሽላውና የጫቱ ማሳ ከሚጀምርበት ጉብታ ላይ ነበር። መኖሪያችን ግን ከተማ፣ አቦከር ውስጥ ነው፤ ዛሬም ያለሁት እዚያው ቤት ነው። ትምህርት ሲዘጋ እናቴ ምሳ ቋጥራ ወደ ወፍጮው ትሰደኛለች። መኪና ግርግር የተሰፋች የቴትሮን ቀሚስ ነበረችኝ፤ ያ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ነው፣ መንገዱ ግራ ቀኝ ቀኑን ሙሉ ግር ግር ሲል ይውላል። ቀሚሷ ሰማያዊ ነበረች፤ ወፍጮ ቤት ደርሼ ስመለስ ግን ነጭ ትሆናለች። ዱቄቱ ቅንድብ ላይ ሳይቀር ይቀመጣል። አባቴ በዚያ በካኪ ካፖርታቸው ላይ ዱቄት ለብሰው፣ አፋቸውን በነጠላ ቁራጭ ሸፍነው ሲንጎራደዱ ለማያውቃቸው ያስፈራሉ። ሥሙኒ ቁም ነገር የምትሠራበት ዘመን ነበር። በሥሙኒ ቁና ማሽላ ይፈጫል፤ በሌላዋ ሥሙኒ አንዷ ሴት ለልጇ ከረሜላ፣ ለራሷ የፀጉር ቅቤ ይዛ ትገባለች። ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ያወጋሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ትኩሱ ዱቄት ሲወርድ አንዷ ጭብጥ አድርጋ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋና «በስማም፣ ሽታው!» ትላለች፤ ሌላዋ «ቢስሚላህ» ብላ ትቀምሰዋለች። ዱቄቱ አንድ ነው፣ የሚመረቀው በሁለት አፍ ነው።

ሞተሩ ግን መነሳት አይወድም ነበር። አባቴ ማንቬላውን ይዘው፣ ሱሪያቸውን ከፍ አድርገው፣ እንደሚታገል ሰው እግራቸውን ከፍተው ይቆማሉ። ያዞራሉ፣ ይሳደባሉ፣ ያማትባሉ፣ እንደገና ያዞራሉ። በመጨረሻ «ፉፍ» ይላል፤ ቺንጋው፣ ቀበቶው ማለት ነው፣ ይንቀጠቀጥና ዘንጉን ይዞ መዞር ይጀምራል። ከዚያ ፊሽካው ይከተላል። ከጣሪያው በላይ ብቅ ባለው የጭስ ቱቦ ጫፍ ላይ አባቴ ከዘይት ቆርቆሮ ያሠሩት ፊሽካ ነበር። ሞተሩ በተነፈሰ ቁጥር «ኩክ! ኩክ! ኩክ!» ይላል። ይህ ለጌጥ አልነበረም። ያኔ ስልክ ደውሎ «ወፍጮው ዛሬ ይሠራል ወይ?» የሚል የለም። ገበሬው ማለዳ ደጁ ላይ ቆሞ ጆሮውን ይጥላል። ፊሽካው ከተሰማ አህያውን ይጭናል፤ ካልተሰማ የትም አይለፋም። በየሸለቆው ያለው ወፍጮ ሁሉ የየራሱ ድምፅ ነበረው። ከወንዙ ማዶ ያለው ቀጭን ስለሆነ «ሙሽሪት» ይሉት ነበር። የእኛው ወፍራምና ሻካራ፣ ሳል የያዘው የሚመስል ስለሆነ «ሽማግሌው» ተባለ። «ሽማግሌው ዛሬ ተነስቷል፣ እህል አውርጂ» ይባባላሉ ባልና ሚስት። አባቴ ይህን ስም ሲሰሙ ቅር ይላቸው ነበር፣ ያኔ ገና ጎልማሳ ነበሩና።

ከኤረር በር ቆሜ ቁልቁል ሳይ ያ አድማስ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። በግራ በኩል ሰው ሁሉ ማገዶ የሚቆርጥበት የባሕር ዛፍ ረድፍ፤ መሀል ላይ በኖራ የተለሰነች ትንሽ መስጊድ፤ በቀኝ የእኛ የጭስ ቱቦ፣ ሰማያዊ ጭሱን ክብ ክብ አድርጎ እየተፋ። ሲመሽ ከየጎጆው የኩራዝ ብርሃን አንድ አንድ እያለ ይለኮሳል። ከእነዚያ ሦስቱ በቀር ከማሽላ አገዳ ከፍ ብሎ የሚታይ ነገር አልነበረም።

የሚገርመው፣ አባቴ የገዛ ፊሽካቸውን አይሰሙም። ሞተሩ ጆሯቸውን በላው። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ነው ሞተሩ ደህና መሆኑን የሚያውቁት፤ ሐኪም የልጅ ደረት ላይ እጁን እንደሚያሳርፍ ማለት ነው። ፊሽካው ደግሞ በጥቀርሻ እየተደፈነ ድምፁ ይለወጣል። ስለዚህ ቱቦውን ጠርገው በመለሱት ቁጥር እኔን ወደ ማዶው ተዳፋት ይሰዱኛል፣ የአደም አባት ማሳ ወዳለበት። ድምፁ እዚያ ድረስ በደንብ ከተሰማኝ ነጠላዬን ከፍ አድርጌ አውለበልባለሁ። አባቴ ከታች ሆነው ነጩን ጨርቅ ሲያዩ እጃቸውን ያነሳሉ። የመስማት ሥራቸውን የሠራሁላቸው በእኔ ጆሮ ነው።

አደም በዕድሜ እኩያዬ ነው። እኔ ነጠላዬን ይዤ ስጠብቅ እሱ ፍየሎቹን ትቶ መጥቶ ከጎኔ ይቆማል። ሥራ ሲፈታን ሽማግሌውን በአፋችን እናስመስላለን። ሁለት መዳፋችንን አፋችን ላይ ሰብስበን፣ ከሆዳችን፣ «ኩክ! ኩክ! ኩክ!» አደም ሲያስመስል አህዮች ሳይቀሩ ጆሯቸውን ይቀስራሉ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ወፍጮው በተዘጋበት ቀን አንዲት ሴትዮ ጆንያ አሸክሞ አምጥቷት፣ እናቱ በአርጩሜ አባራዋለች። እኔም አልታማም ነበር፤ ብቻ ድምፄ ትንሽ ይቀጥናል። እናቴ ቤት ውስጥ ስለማመድ ሰምታኝ፣ «ሴት ልጅ እንደ ወፍጮ ትጮሃለች? ማን ሊያገባሽ ነው?» ብላ ጮኸችብኝ። ያገባኝ ሰው አልጠፋም፤ ነፍሱን ይማረውና፣ ስለ ወፍጮው ጩኸቴ ሳያውቅ ሞተ።

በኋላ ናፍጣ በኩፖን የሆነበት፣ ሰው ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ በሩን የሚቀረቅርበት ዘመን መጣ። የዘመኑን ነገር ሌላ ይጻፈው፤ እኔ የማስታውሰው መንገዱን ነው። ጥይት ሲሰማ ወፍጮው ይዘጋል፤ ወፍጮው ሲዘጋ ገበሬው ወደ ከተማ አይወጣም። ስለዚህ ሽማግሌው ማለዳ ከጮኸ መንገዱ ሰላም ነው ማለት ሆነ። አባቴ ይህን ካወቁ ወዲህ፣ የሚፈጭ እህል በሌለበት ቀን እንኳ ከጀሪካኑ ቂጥ የቀረችውን ናፍጣ ጨምረው ለጥቂት ጊዜ ያስጮሁት ነበር። እናቴ «ለማን ነው የምታቃጥለው?» ስትላቸው አልሰማ ብለው ያልፋሉ፤ መስማት አለመቻል አንዳንዴ ይጠቅማል። የአደም እናት ደግሞ ከማዶ ሆና ፊሽካውን ስትሰማ «አልሐምዱሊላህ» ብላ በሯን ትከፍት እንደነበር አደም ነግሮኛል።

እኔም አደግሁ፣ ከተማ ቀረሁ፣ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ሆኜ ተቀጠርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የማያዩትን ሰው በድምፁ ማወቅ ሥራዬ ነበር፤ ጆሮዬን ያሠለጠነው ማን እንደሆነ ግን ለአለቆቼ አልነገርኳቸውም። አባቴ ሲያረጁ በሳል ሞቱ። ውሸት አልናገርም፤ ያ የምወደው ሽታ ነው የገደላቸው። ዱቄቱና ጭሱ ደረታቸውን ሞልቶት፣ በመጨረሻ እሳቸውና ፊሽካቸው አንድ ዓይነት ድምፅ ያወጡ ነበር። ወፍጮው ለታናሽ ወንድሜ ለግርማ ቀረ። ግርማም አረጀ፤ ሞተሩም አረጀ፤ ናፍጣውም ዋጋው አልቀመስ አለ። ያለፈው ክረምት ከመግባቱ በፊት ስልክ ደወለና፣ «ዘውዴ፣ ተገላገልኩት። ሞተሩን ነቅዬ ለቁራሌው ሰጠሁት፣ ወፍጮው በሶላር ሆነ» አለኝ። ፊሽካውስ አልኩት። «ምን ፊሽካ?» አለኝ። ቱቦውም ፊሽካውም አብሮ ሄዷል። ተቆጣሁ፣ ግን ምን ብዬ እቆጣለሁ? ጭስ የለ፣ ሳል የለ። የአባቴን ደረት ያየ ሰው ለዚያ ሞተር አያለቅስም።

እንግዲህ በርበሬ ሻጩ አጠገብ ቆሜ ይህን ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ ነው ከኋላዬ «እትዬ ዘውዴ!» የሚል ድምፅ የሰማሁት። የአደም ልጅ ሐሊማ ናት። ድንችና ቃሪያ ይዛ ገበያ ወጥታለች።

«አባትሽ እንዴት ነው?» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ፣ አለ። ግን እትዬ፣ ወላሂ ተቸግሬያለሁ። ዓይኑ ጠፍቶ ኖሯል እኮ!»

«መቼ?»

«ከቆየ። እኛ ትንሽ ትንሽ ያያል ብለን ነበር። ጠዋት ብቻውን ጫቱ ማሳ ይወርዳል፣ ከሰዓት ብቻውን ይመለሳል። ለካ በወፍጮው ድምፅ ነው የሚሄደው! ሲወርድ ድምፁን ከኋላው ያደርጋል፣ ሲመለስ ፊት ለፊቱ። ለማንም አልተነፈሰም። ወፍጮው ዝም ያለ ዕለት ነው ያወቅነው።»

ሐኪም ቤት እንደወሰደችው፣ የዓይን ግፊት ነው፣ ዘግይታችኋል እንዳሏት ነገረችኝ። ቀጥሎ የነገረችኝ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ። ክረምቱ ውስጥ አንድ ቀን ካፊያ ነበር። በማሳቸው አናት ላይ የሚያልፉት የትልቁ የመብራት መስመር የብረት ምሰሶዎች፣ ካፊያ ሲሆን ሽቧቸው እንደ ንብ ቀፎ ይጮሃል። አደም ከጫቱ ማሳ ሲነሳ ያንን ሰማ። ወፍጮው ተነሳ፣ ድምፁ ብቻ ደክሟል አለ። ተከተለው። ምሰሶው ሥር ሲደርስ ድምፁ ከፊቱም ከኋላውም ሆነበት፤ እንደገና ሄደ፣ ሌላ ምሰሶ። ሐሊማ ስትፈልገው ውላ ገደሉ አፋፍ አጠገብ፣ ብረቱን ተደግፎ ተቀምጦ አገኘችው።

«‹አባ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?› ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ወፍጮው ይሸሸኛል› አለኝ።» ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «ስልክ ገዛሁለት፣ አንገቱ ላይ አንጠለጠልኩለት። እንቢ አለ። ‹ስልክ የት ነህ ብሎ ይጠይቀኛል እንጂ የት እንዳለሁ አይነግረኝም› ይላል። ቤት ዋል ስለው ይቆጣል። ጫቱን ለሰው ሰጥቼ ላስቀምጠው ነው፣ እትዬ። ጫቱ አይደለም የሚያሳስበኝ፤ ገደሉ ነው። እርስዎን ይሰማዎታል፣ እርስዎ ይንገሩልኝ።»

በማግስቱ ወረድኩ። ባጃጅ እስከ ኤረር በር አደረሰኝ፣ ከዚያ ሌላ ባጃጅ። ሾፌሩ ሙዚቃውን ከፍቶ ቁልቁለቱን ሲበርበት፣ እኔ ብረቱን ይዤ አድማሱን አያለሁ። የባሕር ዛፉ ረድፍ ሳስቷል፤ ጥርሱ የረገፈ አፍ መስሏል። እነዚያ የብረት ምሰሶዎች ክንዳቸውን ዘርግተው ከሸለቆ ሸለቆ ይሻገራሉ። መብራቱ ከየት እንደሚመጣና ለማን እንደሚሄድ አላውቅም፤ ለእነ አደም ግን አልወረደላቸውም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ከዚያ በታች በየቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ትንንሽ የሶላር ሰሌዳዎች ያብለጨልጫሉ። የመስጊዷ ጣሪያ ላይ አንድ ሰሌዳና አራት ድምፅ ማጉያ ተተክሏል። የእኛ ወፍጮ ጣሪያ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በሰሌዳ ተሸፍኗል፤ ቱቦው የነበረበት ቀዳዳ በቆርቆሮ ተለብጧል። ሸለቆው ጭስ የሌለበት፣ ንጹሕ ነበር። እንዲያ ንጹሕ ሆኖ ሳየው ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ግን አላለኝም።

ግርማ በሩ ላይ ተቀበለኝ። ልብሱ ላይ ዱቄት አለ፣ ዘይት ግን የለም። ሞተሩን ሊያሳየኝ ቸኮለ፤ አንድ ማብሪያ ተጫነ፣ ድንጋዩ መዞር ጀመረ። ድምፁ ከግቢው አጥር አያልፍም። «አየሽ? ያለ ማንቬላ፣ ያለ ስድብ!» አለ። ሁለት ሴቶች ጆንያ ይዘው ከአቀበቱ እያለከለኩ ገቡ። አንደኛዋ ገና ከበሩ፣ «ኧረ አቦ ግርማ! ትናንት ደመና ነው ብለህ መለስከኝ፣ ዛሬ እየሠራህ ነው? አንድ ነገር ብትጮህልን ምናለ?» አለችው። ግርማ ሳቀ።

ወዲያው የአስር ሰላት ሰዓት ሆነና አዛን ተሰማ። ከመስጊዱ ማጉያ የሚወጣው ድምፅ ሸለቆውን ሞላው። ግርማ ክንዴን ነካ አድርጎ ወደ ታች ጠቆመኝ። ከጫቱ ረድፍ መካከል ሽርጥ ያገለደመ፣ በትር የያዘ ሰው ተነስቶ ሽቅብ መራመድ ጀመረ። አደም ነው። አረማመዱ የዓይነ ስውር አይመስልም፤ ፊቱን ወደ ድምፁ አቅንቶ በቀጥታ ይመጣል። አዛኑ አለቀ። አደም ሁለት ሦስት እርምጃ ጨመረና ቆመ። በበትሩ ዙሪያውን ነካ ነካ አደረገ፣ ድንጋይ አገኘ፣ ተቀመጠ።

«ደክሞት ነው?» አልኩ።

«እንጃ። እዚያ ድንጋይ ላይ እስኪመሽ መቀመጥ ልማዱ ሆኗል። ሰው ዚክር ላይ ነው፣ እየጸለየ ነው ይላል።»

ግርማን ትቼ ወረድኩ። አጠገቡ ሳልደርስ፣ «ዘውዴ ነሽ?» አለኝ።

«በምን አወቅከኝ?»

«ከተሜ ማሳ ውስጥ ሲሄድ ድንጋዩን ሁሉ ይቅርታ የሚጠይቅ ነው የሚመስለው። መርሐባ። ሐሊማ ልካሽ ነው አይደል?»

«እኔን ማን ይልከኛል?» ብዬ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ጺሙ በሒና ቀልቷል፤ ዓይኖቹ ክፍት ናቸው፣ የሚያዩት ግን ሌላ ቦታ ነው። «ምን እየጠበቅህ ነው?» አልኩት።

«መግሪብን።» ፀሐይ ስትጠልቅ የሚሰማውን አዛን ማለቱ ነው።

«ቤትህ ደርሰህ አትጠብቀውም?»

ፈገግ አለ። «እንዴት እደርሳለሁ? አዛኑ እስኪያልቅ ነው የምሄደው። ሲያልቅ መንገዱም ያልቃል። በአስር አዛን እዚህ ድንጋይ እደርሳለሁ፣ በመግሪብ አዛን ቤቴ። ሰው ኢባዳ የጨመርኩ መስሎታል፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።» በትሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ «ይሄ አሁን ያለው ሙአዚን ልጅ ነው፣ ይቸኩላል። የድሮው ቢሆን፣ ያ ትንፋሸ ረጅሙ፣ አላህ ይርሐመው፣ በአንዱ አዛን ቤቴ ያገባኝ ነበር» አለ።

አንድ ሙሉ ሰው፣ ቤቱ ከፊቱ ሆኖ፣ የሚጠራው ድምፅ ስለተቋረጠ መንገድ ላይ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይቀመጣል። ዝናብ ሲመጣስ? ብርድ ሲሆንስ? እነዚያን አልጠየቅሁትም፤ ካፖርታውን አይቼ መልሱን አውቄዋለሁ፣ ትከሻው ላይ ጭቃ ደርቆበታል።

«ና፣ እጅህን ስጠኝ። አብረን እንሂድ።»

«አይሆንም።» በቁጣ አልነበረም። «ሐሊማ መልካም ልጅ ናት። እጄን ልትይዘኝ ትፈልጋለች። እጄን የያዘችኝ ዕለት ግን በማግስቱ በር ላይ ታስቀምጠኛለች፣ ከዚያ አልጋ ላይ። ጎረቤቴን አይቻለሁ። ቤት የዋለ ሽማግሌ ከርሞ አያውቅም። ይህን መሬት እግሬ ያውቀዋል፤ ወዴት እንደዞርኩ የሚነግረኝ ብቻ ነው ያጣሁት። ወንድምሽን አልቀየምኩትም፣ አባትሽ እንዴት እንደሞቱ አውቃለሁ። ሐሊማም ለልጆቿ መብራት አግኝታለች። ለሁሉም ደግ ነው። ብቻ ዝም አለ።»

የተላክሁበትን መልእክት ዋጥኩት። «ቤት ዋል» ብዬው ቢሆን ይሰማኝ ነበር፣ ያ ነው ያስፈራኝ።

ተነስቼ ወደ ወፍጮው ወጣሁ። ግቢው ጥግ የድሮው ሞተር የቆመበት ብረት ተጥሏል። ድምፁ ይመራው ብዬ ድንጋይ አንስቼ ደበደብኩት። አደም ብድግ አለ፣ ፊቱን ግን ወደ ገደሉ አዞረ። የብረቱ ድምፅ ከማዶው ተዳፋት ጋር ተላግቶ ከዚያ የሚመጣ መስሎታል። ድንጋዩን ጣልኩት። ሌላ ምን አለኝ? ነጠላዬን ከትከሻዬ ላይ አውርጄ ወገቤን አሰርኩ። በጉብታው አፋፍ፣ የጭስ ቱቦው በነበረበት ትይዩ ቆምኩ። ሁለት መዳፌን አፌ ላይ ሰብስቤ ከሆዴ ጮህኩ።

«ኩክ! ኩክ! ኩክ!»

ሴቶቹ ከወፍጮ ቤቱ ሮጠው ወጡ። «ያ ረቢ! እትዬ ምን ነካቸው?» ግርማ ዱቄት በነካ እጁ ፊቱን ሸፈነ፤ «ዘውዴ፣ በእናትሽ፣ ሰው ምን ይላል?» አለኝ። ሰው የሚለውን ስልክ ቤት ብዙ ሰምቻለሁ። ቀጠልኩ። አደም ራሱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። ከገደሉ በኩል ፊቱን ቀስ ብሎ መለሰ፣ ወደ እኔ። በትሩን አነሳና መራመድ ጀመረ። ጉሮሮዬ እንደ ጆንያ ሻክሯል፤ ትንፋሽ አጥሮኝ ሳቋርጥ እሱም ይቆማል፣ ስቀጥል ይቀጥላል። እንባዬ እየወረደ፣ አንድ ጡረታ የወጣች ሴትዮ በጠራራ ፀሐይ እንደ ወፍጮ እየጮህኩ አወጣሁት። ሴቶቹ መሳቃቸውን ትተዋል። አንደኛዋ ትንፋሽ ሲያጥረኝ አየችና ሳልጠይቃት «ኩክ! ኩክ!» ብላ አገዘችኝ።

አደም ጉብታው ላይ ወጥቶ የወፍጮ ቤቱን መቃን በእጁ ዳሰሰ። ላብ በላብ ሆኗል። ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ፣ ያን ዕለት በአርጩሜ የተባረረውን ልጅ ነው የመሰለኝ።

«ሽማግሌው ዛሬ ጉንፋን ይዞታል» አለ።

ሳቅን፣ ሁላችንም። አግብቶ የሠራው ቤት ከዚያ ቅርብ ነው፤ አጥሩን እየዳሰሰ ይገባል። በበትሩ መሬቱን ነካ ነካ አድርጎ መሄድ ከጀመረ በኋላ ዘወር አለና፣ «ነገስ ትኖሪያለሽ?» አለኝ።

ኢንሻአላህ አልኩት፣ በእሱ አነጋገር። ኢንሻአላህ ስል እንደማልኖር ሁለታችንም አውቀናል።

ግርማ ብረቱን ከፍ አድርጎ ሰቅሎ በየቀኑ በአስር ሰላት ሰዓት ሊደውልለት ቃል ገባልኝ። ብረቱ አቅጣጫ እንደሚያሳስት አስረዳሁት፤ እንግዲያው እጮህለታለሁ አለ። ጥቂት ቀን ጮኸ። ከዚያ ሰልፍ በዛበት፣ አንድ ቀን አሞት ዋለ፣ አንድ ቀን ረሳው፤ ሰው ነው። ሐሊማ ገበያ ስትወጣ አገኘኋት። «አሁንም ድንጋዩ ላይ ነው፣ እትዬ» አለችኝ። ጫቱን ለሰው አልሰጠችም፤ አባቷ ያን ዕለት ላብ በላብ ሆኖ እየሳቀ ሲገባ አይታዋለችና እጇ እንቢ ብሏታል። ግን ገደሉ እዚያው ነው። ካፊያም ይመለሳል፣ ሽቦውም ይጮሃል።

አሁን ከሰዓት በኋላ አቦከር በረንዳዬ ላይ ቁጭ ስል አስር ይደርሳል። በሐረር አዛን አንድ አይደለም። አንዱ መስጊድ ሲጀምር ሌላው ይቀበለዋል፤ ያኛው ሲያበቃ ከግንቡ ማዶ ደግሞ ሌላ ይነሳል። ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁት ነው፣ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። አደም እዚህ ቢኖር አንዱ ለአንዱ እያቀበለው ቤቱ ይገባ ነበር። እዚያ ታች ያለው ግን አንድ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን አዛን ተከትዬ በልቤ ከጫቱ ማሳ አስነሳዋለሁ፣ ሽቅብ እወስደዋለሁ፣ ሲያልቅ አሁን ተቀመጠ እላለሁ። የከተማው አዛን በላዬ ላይ ሲቀጥል እኔ እዚያ ድንጋይ ላይ እቀራለሁ። አንዳንዴም ጎረቤት ይስማኝ አይስማኝ ሳልል፣ መዳፌን አፌ ላይ ሰብስቤ «ኩክ» እላለሁ። ከአቦከር እዚያ ድንጋይ ድረስ እንደማይሰማ አጥቼው አይደለም።